ሬይኖክስ 250 በደሴ ማለዳ፦ ሸረሪት ለማንሣት ስለተገዛ መስታወት

ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ የማነሣበትን ካሜራ ነው ሰኞ ጠዋት ሸረሪት ላይ የማዞረው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ፤ የዘወትር እንጀራዬ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለነፍሳት ብሎ ውድ የማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሣ ሌንስ) መግዛት ለማይታሰበው፣ ነገር ግን ከሥራው ጋር የመጣ ረዘም ያለ ዙም እጁ ላይ ላለው ሰው ነው። ባለሙሉ ማክሮ ሌንስ ያለው ሰው እዚህ ብዙም የሚያገኘው የለም።

ዕቃው ሬይኖክስ ዲሲአር-250 ይባላል፤ የጃፓን ሥራ ነው። ራሱን የቻለ ሌንስ ሳይሆን ከሌንስ ፊት የሚገጠም ማቅረቢያ መስታወት ነው። መዳፍ ውስጥ ይጠፋል፣ ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። በግራና በቀኝ የሚጫኑ ሁለት ጆሮዎች ያሉት የፕላስቲክ መያዣ አብሮት ይመጣል፤ የፊት ጥርሱ (ማጣሪያ የሚጠመዘዝበት አፍ) ስፋቱ ከ52 እስከ 67 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስ ላይ ሁሉ ቀጭ ብሎ ይገባል። የእኔ ካነን 55-250 ጥርሱ 58 ስለሆነ ያለ ምንም ጣጣ ገጠመ። ደሴ ውስጥ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው ያስመጣሁት። ዋጋው ከአንድ የማክሮ ሌንስ ዋጋ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ይህን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች «ተበላሽቷል» እያሉ ሲያማርሩ ስለምሰማ ነው። የመስታወቱ ጉልበት 8 ዳዮፕተር ነው፤ ዳዮፕተር የመስታወት ጉልበት መለኪያ ነው። ዋናው ሌንስ ሩቅ ላይ ተተኩሮ ሳለ፣ የሚነሣው ነገር የሚጠራው ከመስታወቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሲርቅ ነው። ከዚያ ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ ካለ ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው። መስታወቱን እንደገጠማችሁ የጓደኛችሁን ፊት ለማንሣት ብትሞክሩ ምንም አታዩም፤ ዕቃው ግን አልተበላሸም። የማጉላት መጠኑን ማስላት ደግሞ ቀላል ነው፤ የዙሙን ሚሊ ሜትር በ8 አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው። በ100 ላይ 0.8 እጥፍ፣ በ250 ላይ 2 እጥፍ ይሆናል። የካሜራዬ ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበት ብርሃን ተቀባይ ገጽ) ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሁለት እጥፍ ጊዜ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላው 11 ሚሊ ሜትር ቦታ ብቻ ነው፤ አሥር የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘው ቦታ ማለት ነው። ዙሙን ስታሳጥሩ ማዕዘኖቹ መጨለም ይጀምራሉ፤ ዕቃው የተሠራው ለረጅም ሌንስ ነው።

ሌሎቹን መንገዶችም ሄጄባቸዋለሁ። ስሙን ከማልጠራው አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ በቦርሳ የታጨቁ ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 10 ማጉያ ማጣሪያዎች ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ከማክሮ ሌንስ አይተናነስም» ብሎ ማለልኝ። ግን ነጠላ መስታወት ናቸው፤ ነጠላ መስታወት ደግሞ ብርሃንን በቀለም ይከፋፍለዋል፤ የጉንዳኑ እግር በአንድ ጎኑ ሐምራዊ፣ በሌላው አረንጓዴ ጥላ ይዞ ይወጣል። የሬይኖክሱ መስታወት ከአንድ በላይ ተደራርቦ የተሠራው ይህን ለማረም ነው፤ ልዩነቱ በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ እንኳ ይታያል። ማራዘሚያ ቀለበት የሚሉት ባዶ ቱቦስ? ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጥሩ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጨምረህ እኩል ለእኩል (1 እጥፍ) ታገኛለህ። በ250 ግን እዚያ ለመድረስ ሩብ ሜትር ቱቦ ያስፈልጋል። ርካሹ ቱቦ ደግሞ የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌለው የካነንን አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) መዝጋት አይችልም። ሃምሳውን ሌንስ ገልብጦ መግጠም ነጻ ነው፤ ጥራቱም ያስደንቃል፤ ነገር ግን ወደ ነፍሳቱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ መጠጋትን ይጠይቃል። እዚያ ርቀት ላይ የሌንሱ ጥላ ራሱ ሸረሪቷን ያባርራታል። 12 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይመስልም፤ ግን የፍላሽ ብርሃን የሚያልፍበት በር ያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመስከረምና የጥቅምት ማለዳዋ ብርድ ነው። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት ከፀሐይ ስለሚያገኙ፣ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ወገብ ወርዳ ሜዳውን እስክትነካ ድረስ ጤዛ ተሸክመው ደንዝዘው ይቆያሉ። ወደ ታች ወርዶ ኮምቦልቻ ወይም ሐርቡ ላይ ይህን ሰዓት የሚፈልግ ሰው በጣም ማልዶ መነሣት አለበት፤ ደጋው ላይ ግን ቁርስ በልቶ መውጣት ይቻላል። ለዚህ መስታወት ከደሴ ዳርቻ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አደይ አበባ ላይ ሸርጣን መሰል ሸረሪት አለች። ድር አታደራም። የፊት እግሮቿን ከፍታ ቢጫው ላይ ቢጫ ሆና ትቀመጣለች፤ ከእነዚህ ሸረሪቶች አንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ ከነጭ ወደ ቢጫ መለወጥ ይችላሉ። በዓይን የማየው አበባው ላይ አንዲት ንብ ያለ እንቅስቃሴ ተንጠልጥላ ነበር፤ በካሜራው ስቀርብ ሸረሪቷ ከኋላዋ አንገቷን ነክሳ ይዛታለች። የንቧ ምላስ ወጥቷል። ፎቶውን ፎቶ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው የንቧ ዓይን ላይ ፀጉር አየሁ፤ የማር ንብ ዓይን በእርግጥም ፀጉራም ነው፤ በየፀጉሩ ጫፍ ላይ ደግሞ የአበባው ዱቄት ተንጠልጥሏል። ሃያ ዓመት ሙሽራ ያነሣ ሰው የዓይን ሽፋሽፍት ማጥራት ያውቃል፤ የንብ የዓይን ፀጉር ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የምትወደድልኝ ዘላይዋ ሸረሪት ናት። የድንጋይ ካብ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ፣ የፎቶ ቤቴ መስኮት ላይም ትገኛለች፤ በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ ዓይነት አላት። ስምንት ዓይኖች አሏት፤ ከፊት ያሉት መካከለኞቹ ሁለቱ እጅግ ትልልቅ ናቸው። ሌሎች ነፍሳት ስትጠጋቸው ይሸሻሉ፤ እርሷ ግን ዞራ ታይሃለች። የዓይኗ ውጫዊ መስታወት አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ነው። ስለዚህ ዓይኗ ገርጣ ያለ ዓይነት ስታጋጥም፣ በተከታታይ በተነሡ ፎቶዎች ላይ የዓይኗ ቀለም አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ይነጣል። መጀመሪያ የፍላሼ ችግር መስሎኝ ነበር።

የብርሃንን ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ በዚህ መስታወት ጥሩ ፎቶ ለማግኘት ከመስታወቱ ይልቅ ብርሃኑ ላይ ድከሙ። ጥልቀት ለማግኘት አፐርቸሩን 11 ላይ ስትዘጉ እንኳ የሚጠራው ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ዓይኗ ጠርቶ ጀርባዋ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ የፀሐይ ብርሃን አይበቃም፤ ፍላሽ ግድ ነው። እርቃኑን የተተኮሰ ፍላሽ ደግሞ ጥንዚዛን የተወለወለ ጫማ ያስመስለዋል። እኔ ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ቀጭን ነጭ ስፖንጅ ቆርጬ፣ በሽቦ ወጥሬ፣ ከሌንሱ ጫፍ በላይ እንደ ቆብ ክዳን አጎንብሼ አስሬዋለሁ። ልዩነቱን የሸረሪቷ ዓይን ይናገራል፤ ስፖንጅ ሳይኖር በዓይኗ ውስጥ የምትታየው አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች፣ አሁን ሰፊ መስኮት ሆናለች። የመዝጊያውን ፍጥነት 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸሩን በ8 እና በ11 መካከል አደርጋለሁ፤ አውቶ ፎከሱን አጠፋለሁ። ማጥራት በእጅ ጥምዘዛ አይሆንም፤ ሰውነትን በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ዓይኗ ስትጠራ መጫን ነው። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ሳር ውስጥ አይመችም፤ የእረኛ ዱላ መሬት ላይ ተክሎ ሌንሱን ከዱላው ጋር በግራ እጅ መጨበጥ ይበልጣል። ፎቶዎችን ደራርበው ጥልቀት የሚጨምሩ እንደ ዚሪን ስታከር ያሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ደንዝዞ ለተኛ ነፍሳት ይሠራሉ፤ ዘላይዋ ሸረሪት ግን ያን ያህል ትዕግሥት የላትም።

ሳር ላይ ተንበርክኮ የሚቆይ ሰው ብቻውን አይተውም። «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» ብለው እረኞቹ ይከቡኛል። ቀለበት የጠፋብኝ መስሏቸው አብረው መፈለግ የጀመሩም አሉ። የሸረሪቷን ፊት በመስኮቱ ላይ ሳሳያቸው አንደኛው «ወይኔ! ይቺ እኛ ቤት አለች!» አለ። ከዚያ በኋላ ሸረሪት መፈለጉን ለእነርሱ ትቼዋለሁ፤ ዓይናቸው ከእኔ ይሻላል።

ያልጠበቅሁት ጥቅምም አለው። የግብርና ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ከኮምቦልቻ በታች ካለ የበቆሎ ማሳ ትል ይዞልኝ መጣ። የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ውስጥ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከሌሎች ትሎች የሚለየው ግንባሩ ላይ በተገለበጠ የፈረንጅ «ዋይ» ቅርጽ እና ከጅራቱ አጠገብ አራት ማዕዘን ሠርተው በተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ዙሙን 100 ላይ አድርጌ አንዴ ብተኩስ ሁለቱም ምልክቶች ቁልጭ ብለው ወጡ። ወዳጄ አሁን ትል ባየ ቁጥር ይደውልልኛል። ክፍያው በበቆሎ እሸት ነው።

ለማን ይሆናል? ከአጭሩ 18-55 ዙም የዘለለ ሌንስ ለሌለው ሰው አይሆንም፤ ማዕዘኑ ይጨልማል፣ ጉልበቱም ባክኖ ይቀራል። ሩቅና ቅርብ እያፈራረቀ ለሚያነሣም አይመችም። የፕላስቲክ መያዣው የተሠራው ለመግጠምና ለመንቀል ፍጥነት ስለሆነ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ለሚገባ ሰው የመስታወቱ የኋላ ጥርስ 43 ሚሊ ሜትር መሆኑን አውቆ ከ58 ወደ 43 የሚያወርድ የብረት ቀለበት ጨምሮ ቢያስመጣ ይሻላል። ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ ከዚያ በኋላም አይነቃነቅም። ቢራቢሮና ሐይቅ ዳር ቄጠማ ላይ የሚያርፉትን ባለረጅም ክንፎች ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ 250ው በጣም ቅርብ ነው፤ እነርሱ 12 ሴንቲ ሜትር አያስጠጉም። ለዚያ የዚሁ ድርጅት ዲሲአር-150 አለ፤ ጉልበቱ 4.8 ዳዮፕተር ስለሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ያነሣል። እኔ ሸረሪት ስለምወድ 250ውን መረጥሁ፤ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሁለተኛውንም አስመጣለሁ።