የአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ መጽሐፍ ሻጮች፦ አገልግሎታቸው ሲመዘን

ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ለሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ከእግረኛ መንገድ ሻጮች የተሻለ አገልግሎት የለም። ትልልቆቹ መደብሮች በአብዛኛው የሚይዙት የዘንድሮንና የአምናን እትም ነው። የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የደርግ ዘመን ሕትመት፣ አንዴ ታትሞ የቀረ የታሪክ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት የሚገኘው ብሔራዊ ትያትር አካባቢ፣ ለገሃር፣ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሸራ ነው። ደረሰኝ ግን የለም፤ ገዝቶ መመለስም አይታሰብም። ስለዚህ ማጣራቱ ሙሉ በሙሉ የገዢው ሥራ ነው፤ እዚያው ቆሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ገጹን አጣሩ። አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። ማተሚያ ቤት ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ገጽ ባንዴ አትሞ ያጥፈዋል፤ አንዱ እጥፋት ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይይዛል። ጥረዛው ላይ ስሕተት ሲፈጠር የሚጎድለው አንድ ገጽ ሳይሆን 16ቱም ነው፤ ወይም ያው እጥፋት ሁለቴ ይገባና ተከታዩ ይቀራል። ከ16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 የሚታለፍበትን እየገለጣችሁ እዩ። 300 ገጽ ባለው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለው መገናኛ 18 ገደማ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ቅጠል ለብቻው ተመልከቱ፤ ብዙ እጅ ያለፈበት ልብ ወለድ መጀመሪያ የሚያጣው እሱን ነው።

ቀጥሎ መሐል መሐሉን ገልጣችሁ እጥፋቱ ላይ ክር ፈልጉ። ክር ካለ በአሮጌነቱ አትስጉ፣ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከሌለ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው፤ ሙጫ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በኃይል አትክፈቱት፣ ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሸራው ፊት ለፊት የተደረደሩትን ልብ በሉ፦ ቀዩና ቢጫው ለቆ ሽፋኑ ሰማያዊ ሰማያዊ ካለ፣ ወራት ፀሐይ ላይ ከርሟል ማለት ነው። ያንኑ መጽሐፍ ከሥር ከተቆለለው እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ያለፈቃድ ስለሚባዛው ኮፒ። ሽፋኑ ዓይን ያታልላል፣ ፊደሉ ግን አይዋሽም። አንድ አንቀጽ ምረጡና «ሚ»ን ከ«ሜ»፣ «ቢ»ን ከ«ቤ»፣ «ሲ»ን ከ«ሴ» ለዩ። በዋናው ሕትመት የኃምሱ ቀለበት ክፍት ሆኖ ይታያል። ፎቶ ከተነሣ ገጽ እንደገና ሲታተም ቀለም ቀለበቱን ይሞላዋል፤ ሳልሱና ኃምሱ ይመሳሰላሉ፣ አንባቢው ቃሉን በግምት ያነባል። ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ ገጽ፣ በውስጠኛው ኅዳግ በኩል ጥቁር ጥላ፣ የጀርባውን ጽሑፍ የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት፣ ሽፋኑ ላይ የጠቆረ የደራሲ ፎቶ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይከለክላል። ዓመታት ለፍቶ ለጻፈ ደራሲ ከዚያ ግዢ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። ሻጩን «ዋናው የለህም?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። ካለው ያወጣል፣ ከሌለው ያፈላልጋል፤ ኮፒው የሚቀርበው ጠያቂ ሲጠፋ ነው።

«አንደኛ እትም ነው» ሲሏችሁ የኅትመት መረጃ ገጹን ግለጡ። በንጉሡ ዘመን ታተመ የተባለ መጽሐፍ ላይ በ09 የሚጀምር የእጅ ስልክ ቁጥር ካለ፣ ዓመተ ምሕረቱ የመጀመሪያው እትም ቢሆንም መጽሐፉ የቅርብ ጊዜ ድጋሚ ሕትመት ነው። ለማንበብ ችግር የለውም፣ የብርቅዬ ዋጋ ግን አይከፈልበትም። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ለሚፈልጉም ዋናው ነገር ይኸው ዓመት ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ አሮጌው በርካሽ ቢገኝም ለልጁ ላይሆነው ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ለአዲስ መጽሐፍ የጀርባ ሽፋኑ ላይ የታተመው መነሻ ይሁናችሁ፤ ላዩ ላይ ወረቀት ከተለጠፈበት ምክንያቱን ጠይቁ። ለአሮጌው የታተመው «5 ብር» ትርጉም የለውም፣ ዋጋውን የሚወስነው ፈላጊው ነው። ሦስት አራት አንድ ላይ ማንሣት አንዱን ከመከራከር ይሻላል። ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ በቁራሌው በኩል፣ አንዳንዴም በኪሎ ተመዝነው የመጡ ናቸው፤ ሻጩ ግን ለይቶ፣ አጽድቶ፣ የተቀደደውን አጣብቆ ነው የሚያቀርበው። ያ ድካም ዋጋ አለው።

አዟሪው ከመደበኛው ሻጭ ይለያል። ከእጁ እስከ አገጩ የሚቆልለው 25 ያህል መጽሐፍ ከ8 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚሸጠውንና ስሱን ነው የሚመርጠው። ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ ክምሩን በዓይን አትፈልጉ፣ ንገሩት። ካፌ ደጃፍ ላይ ሲያቆማችሁ ክምሩን ጠረጴዛ ላይ እንዲያሳርፍ አድርጉ፤ እሱም ያርፋል፣ እናንተም የመሐለኞቹን ታያላችሁ።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ሀብት የሻጮቹ የማስታወስ ችሎታና ትስስር ነው። ስታዙ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ከቻላችሁ የሽፋኑን ቀለም ተናገሩ። ሙሉ ክፍያ አታስቀድሙ፤ ትንሽ ቀብድ በቴሌብር ልካችሁ የሻጩን ስልክ ቁጥር ያዙ። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳንና አራት ኪሎን ከቀየረ ወዲህ፣ ዛሬ ያያችሁት መደብ በሳምንቱ እዚያው መገኘቱ እርግጥ አይደለም። መጽሐፉ ከመጣ በኋላ ዋጋ እንደገና አትከራከሩ፤ ሻጩ ከጓደኛው መደብ ገንዘብ ከፍሎ ነው ያመጣላችሁ።

ክረምት ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ዝናቡ ድንገት ሲመጣ ሸራው ባራቱም ጫፍ ይጠቀለላል፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ይረጥባሉ። የተሸበሸበ ጠርዝ፣ ቡናማ የውኃ መስመርና የሻጋታ ሽታ ካለ ተዉት። የመጣችሁበት መጽሐፍ እሱ ብቻ ከሆነና ገና እርጥብ ከሆነ ደግሞ፣ በየ10 ቅጠሉ ነጭ ሶፍት አስገቡ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሶፍቱን በየጥቂት ሰዓቱ ቀይሩ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ወረቀቱ ይጣመማል። ሊደርቅ ሲል ከባድ ነገር ጫኑበትና አሳድሩት።