ሰለምቴ ያላችሁ ወደ እኚህ ኡስታዝ ውሰዱ

አሰላሙ ዐለይኩም። ከደቡብ ኦሞ መጥተው አዲስ አበባ ላይ ለሰለሙ ወንድምና እህቶች አስተማሪ የጠፋባችሁ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ከዐስር (ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው) ሰላት በኋላ ቁርኣን የሚያቀሩትን ኡስታዝ ጠይቁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም። ጀዛቸውን አላህ ይክፈላቸው!

ሌላ ቦታ (ስም አንጠራም) አዲስ የሰለመውን ሰው ሸሃዳ (የእምነት ምስክርነቱን) በያዘ ማግስት ስምህን ቀይር ይሉታል፣ "ሐ" ከጉሮሮው አልወጣ ሲለው ይስቁበታል። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው የለም። "ድሮም ልቡ አልነበረም" ተብሎ ይታማል። ልቡማ ነበረ፤ የሚይዘው አጣ እንጂ።

እኚህ ኡስታዝ ከትጥበት (ገላን ሙሉ ከመታጠብ) ነው የሚጀምሩት። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ይሠራሉ። አንዲት እህት "ካልተላጨሽ ሰላትሽ አይያዝም" ተብላ እያለቀሰች መጣች። ኡስታዝ ባለቤታቸውን ጠሩላት። ሴትዮዋ ሹሩባውን በጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ ቅቤው ረግቶ አፈሩን እንደ ልባስ ስለያዘው ውሃ አያሳልፍም፣ በሞቀ ውሃ ይሟሟ አሉ። የሚቀረው ቀለም እንደ ሂና ነው፣ ውሃ አይከለክልም። ሹሩባውም አይፈታም፤ የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሰለማ ስለ ትጥበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ ሦስት እፍኝ ራሷ ላይ ማፍሰስ እንደሚበቃት ነግረዋታል። ክንድ ላይ የጠበቀ አምባር ግን በውዱእ (ለሰላት እጅ፣ ፊትና እግር ሲታጠቡ) ጊዜ ይነቅነቅ፤ ውሃ ከሥሩ ካልገባ ውዱኡ ጎደለ። እህታችን ፀጉሯን ሳትቆርጥ መግሪብን (የፀሐይ መጥለቂያውን ሰላት) ሰገደች።

ፋቲሃን (የቁርኣንን መክፈቻ ምዕራፍ) በቀን አንድ አንቀጽ ያስይዛሉ፣ በ7 ቀን ያልቃል። እስከዚያ ሱብሃነላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ላኢላሃ ኢለላህ፣ አላሁ አክበር እያለ ይሰግዳል። የቀኑ አምስት ሰላት 17 ረከዓ (የሰላት ዙር) በጣት ይቆጠራል፦ ከንጋቱ እስከ ማታው 2፣ 4፣ 4፣ 3፣ 4። ጀማዓ (የጋራ ሰላት) ላይ ዘግይቶ የመጣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ኢማሙን ሩኩእ (ማጎንበስ) ላይ ከደረሰበት ረከዓዋ ተይዛለታለች፤ ሱጁድ (ግንባር መሬት ማስነካት) ላይ ከሆነ ግን አትቆጠርም፣ ኢማሙ ሲያሰላምት ተነስቶ ይሙላ። ከመስለሙ በፊት ያለፈው ሰላት ቀዷ (ማካካሻ) የለበትም፤ ይህን ሳይነግሩት ዕዳ የሚያሸክሙት አሉ።

ስም ትርጉሙ መጥፎ ካልሆነ አይቀየርም። አገር ቤት ሲሄድ ሽማግሌ ሲመርቅ ቁጭ ይበል፣ ለእናቱ ብር ይላክ፤ ከአላህ ሌላ ለሆነ ነገር ከታረደው ግን አይቅመስ።

ክፍያ የለም። ውሰዷቸው፣ ደግሜ እላለሁ ውሰዷቸው! ለሴቶች ባለቤታቸው ለብቻ ያስተምራሉ፤ አማርኛ የማይሰማ ሰው ካለ አስተርጓሚ አብራችሁ አምጡ።