ለጓሮ ኮምፖስት የቱ ይሻላል፦ የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ወይስ ቀይ ትል?

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ምግብ፦ እጩ አይመርጥም። የወጥ ትራፊ፣ የበሰበሰ ፓፓያ፣ ሥጋ ሳይቀር ይበላል። ትሉ ግን ቅንጡ ነው፤ የሎሚ ልጣጭ፣ ሽንኩርትና ዘይት የነካው ነገር አይስማማውም።

ሙቀት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። እጩ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ይፈጥናል። ለአዳማና ለድሬዳዋ ሰው ተመችቶታል፤ በአዲስ አበባ ክረምት ግን ይፈዛል። ትሉ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ጥላና እርጥበት ካልነሱት።

ወጪ፦ ዝንቧ በአካባቢው ካለች ራሷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች። አትናደፍም። ትሉን መግዛት ወይም ከሚያረባ ሰው መለመን ነው።

ትርፍ፦ እጩ ሲደርስ ይጠቁርና ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ባልዲው ውስጥ ጣውላ አጋድሜ ጫፉ ስር ጣሳ አደረግሁ። ጠብ፣ ጠብ ሲል ዶሮዎቼ እየተጋፉ ይመጣሉ። (ጎረቤቴ ግን እስካሁን ፊቷን ታዞራለች።) ከትሉ የሚገኘው ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ጥቁር ኮምፖስት ነው። ጎመኔ የወደደው እሱን ነው።

ዶሮ ላለው፣ ትራፊ ለሚበዛበትና ሞቃት አገር ለሚኖር እጩ ይሻላል። በረንዳ ላይ ጥቂት ጎመን ለተከለ ደጋ ነዋሪ ትሉ።