ለአጭሯ እግር የትኛው ይሻላል? ጄል፣ ቡሽ ወይስ ሶል ማስጨመር

ወገብዎን የሚያመዎት አንዱ እግርዎ ስላጠረ ነው ብሎ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ለክቶ ከነገረዎት፣ ምርጫዎ ከሦስት አንዱ ነው፦ በአጭሯ እግር ጫማ ውስጥ ተረከዝ ሥር የሚገባ ለስላሳ ጄል፣ እንደዚያው የሚገባ ቡሽ፣ ወይም የጫማውን ሶል ከውጭ ማስጨመር። ሳይለኩ ግን አይግዙ። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ብዙ ሰው ላይ አለ፤ አብዛኛውን አያመውም። አንዳንዴ ደግሞ አጥንቱ እኩል ሆኖ ዳሌ ስለተዛነፈ ብቻ እግር ያጠረ ይመስላል። ሕመሙ እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጫማ አይደለም፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጄሉ በየሱቁ ይገኛል፣ ምቾትም አለው። ለተረከዝ ሕመም ቢሆን አልከራከርም። እኛ የምንፈልገው ግን ቁመት ነው። ሱቁ ውስጥ ሆነው በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት፤ ጣትዎ ሰምጦ ጠረጴዛውን ከነካ፣ ሙሉ ክብደትዎ ሲያርፍበት ምን እንደሚተርፍ ይገምቱ። በዚያ ላይ የሚሸጠው በጥንድ ነው። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ልዩነቱን እንደያዘ ረዘመ እንጂ ምን ተጠቀመ?

ቡሽ ወይም ጠንካራ ላስቲክ የእኔ ምርጫ ነው፤ ብዙም አይሰምጥም። በተለይ ተደራራቢ ሆኖ ሽፋን በሽፋን የሚቀነሰውን ይፈልጉ። በ3 ሚሊ ሜትር ጀምረው፣ ሰውነትዎ ሲለምደው ይጨምራሉ። ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ መሙላትም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ችግሩ ተረከዝ ከፍ ሲል ጫማው ወለቅ ወለቅ ማለቱ ነው፤ ሞካሲን ላይ አይሞክሩት፣ ክር ያለው ጫማ ይሻላል። እስከ ጣት የሚደርሰው ዓይነት እግርን ወደፊት አያንሸራትትም፣ ግን ጣት ያጣብባል።

የሚጨመረው ቁመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጫማው ውስጥ አይበቃም። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደው ከውጭ ያስጨምሩ። ታኮውን ብቻ ሳይሆን የፊቱንም ሶል ያስነሡ፤ ታኮ ብቻ ከፍ ካለ ቀኑን ሙሉ በጣትዎ እንደቆሙ ነው። በማስቲሽ ብቻ ተለጥፎ እንዳይቀር ዙሪያውን ያሰፉት። ለእያንዳንዱ ጫማ ለብቻ መክፈል ያበሳጫል፣ ለዓይንም ይታያል። ግን የቤት ነጠላ ጫማዎ ላይም ይሠራል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቀን ቡሹን አድርጎ ይውልና ማታ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ወጥ ይሠራል።