ለጥር ሰርግ ያልደረሰ ኤስኤስዲ

የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይህን ባለ 1 ቴራባይት የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሠራ ዲስክ) አልመክርም። ዊንዶውስ ቶሎ ይከፍታል፤ ይህን የማያደርግ ኤስኤስዲ ስለሌለ ግን አላመሰግነውም።

ጉዱ የታየው ጥር ሲገባ ነው። ሁለት ካሜራ ሰርጉንና መልሱን ቀርጾ 240 ጊጋባይት ቪዲዮ ይዞ መጣ። ከውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ስጀምር በሰከንድ 450 ሜጋባይት ይላል። 40 ጊጋባይት ገደማ ሲያልፍ ወደ 70 ወረደ፤ እዚያው ቀረ። የቀረው 200 ጊጋባይት በመጀመሪያው ፍጥነት ቢቀጥል 8 ደቂቃ አይሞላም ነበር፤ በ70 ግን 48 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። እያንጎራጎረ የሚሽከረከረው አሮጌው ሃርድ ዲስኬ እንኳ 120ን ሳይለቅ ይጽፋል!

ሻጩን ስጠይቀው «ራም አንሶህ ነው፣ ጨምር» አለኝ። ወንድሜ፣ ራሜ ዲዲአር4 3200 ነው፤ አንዱ ቻናል ብቻ እስከ 25.6 ጊጋባይት በሰከንድ ያስተላልፋል። 70 ሜጋባይት ብቻ የሚውጥ ዲስክ ፊት ራም ቢጨመር ወረፋው ይረዝማል እንጂ አይፈጥንም።

ነገሩ ያለው ፍላሹ ላይ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ ላይ ነው። ኪውኤልሲ የሚባለው ዓይነት ሲሆን በአንድ ሴል (በቺፑ ትንሿ የማስቀመጫ ክፍል) 4 ቢት ያጭቃል፤ ስለዚህ 16 የቮልቴጅ ደረጃዎችን መለየት አለበት። 3 ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ 8፣ 1 ቢት ብቻ የሚይዘው ኤስኤልሲ ደግሞ 2 ይበቃዋል። ደረጃው ሲበዛ ሴሉን በትንሽ በትንሹ እየሞሉ፣ እያረጋገጡ መጻፍ ግድ ይሆናል፤ ጊዜውን የሚበላው ይህ ነው። አምራቹ ይህን ለመሸፈን ከባዶዎቹ ሴሎች ጥቂቱን በየሴሉ 1 ቢት ብቻ እንዲጻፍባቸው ያደርጋል። ማሸጊያው ላይ የታተመው የመጻፊያ ፍጥነት የዚያ ክፍል ነው፤ ሳሎኑን አሳይቶ ቤቱን ሁሉ እንደ ማከራየት። በዚህ መንገድ 40 ጊጋባይት ለመቀበል 160 ጊጋባይት የሚይዝ ቦታ ይያዛል። ዲስኩ በሞላ ቁጥርም ፈጣኑ ክፍል እየጠበበ ይሄዳል፤ የእኔው ከግማሽ በላይ ከሞላ ወዲህ ይበልጥ ቶሎ ይደክማል።

የፋይሎቹን አድራሻ የሚይዝበት የራሱ ዲራምም (ፈጣን ጊዜያዊ ማስቀመጫ) የለውም። ዲራም ከሌላቸው የኤንቪኤምኢ ዲስኮች (ከሳታ በሚፈጥን መንገድ የሚገናኙ ኤስኤስዲዎች) ብዙዎቹ ከኮምፒውተሩ ራም ጥቂት ይበደራሉ፤ ለሳታ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው።

«እንግዲያው ትንሽ አሳርፈው» ተባልሁ። እውነት ነው፣ ሥራ ሲፈታ የተቀበለውን ወደ ኪውኤልሲው ያዛውርና እንደገና ይፈጥናል። ጥር ላይ ግን ማን ያርፋል? ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ ሰርግ፣ በማግስቱ ደግሞ ቪዲዮው የታለ የሚል የሙሽራ እናት ስልክ።

ስለዚህ ቪዲዮው ወደ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ተመልሷል፤ ኤስኤስዲው ዊንዶውስ ይክፈት፣ ሌላ አልጠብቅበትም። ቀጣዩ ቲኤልሲ ይሆናል፣ ከነዲራሙ። ሱቅ ስገባም ማሸጊያ አላነብም፤ 100 ጊጋባይት ቪዲዮ ይዤ እሄድና እስኪያልቅ ይገልበጥ እላለሁ። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለ፣ እኔም ገንዘብ የለኝም።