በግዋሊየር ቤተ መንግሥት እማዬን ላስጎበኙልኝ አባት፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ለሕክምና ወደ ዴልሂ ለምትመጡ ወገኖቼ፣ በተለይ እንደኔ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ለምትመጡ አስታማሚዎች ነው። አንድ ትልቅ ሰው ማመስገን አለብኝ።

እማዬን ለልብ ሕክምና ይዣት ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሐኪሞቹ ምን ምን እንዳደረጉላት በዝርዝር አልገባኝም። ዋናው ነገር ተሽሏታል፣ ተመስገን! ከመጨረሻው ቀጠሮ በፊት ጥቂት ባዶ ቀናት ነበሩን። ሐኪሟም ቀስ እያለች እንድትንቀሳቀስ ፈቀደላት። እሷም "ከሆስፒታል ግድግዳ ሌላ ሳላይ አገሬ ልገባ ነው?" እያለች ከፍቷት ነበር።

መጀመሪያ ዴልሂን አስጎበኛችኋለሁ ያለን ሰውዬ አንድ ታሪካዊ ቦታ በር ላይ አሥር ደቂቃ አቆመንና ቀኑን ሙሉ ከምንጣፍ ቤት ወደ ጌጣጌጥ ቤት ሲያዞረን ዋለ። ለካ ኮሚሽን አለው። እማዬ ትንፋሽ ሲያጥራት "ትንሽ እንረፍ" ብለው "ሰዓት የለም" አለኝ። ማታ ደግሞ ከተስማማንበት እጥፍ ጠየቀን። ሌላ ቀን የያዝነው አስጎብኚ ፊት ፊት እየሮጠ ጀርባውን ብቻ አሳይቶን ጨረሰ። እማዬ ያን ቀን "ሸክም ሆንኩብሽ" ብላ አለቀሰች። ይቺ ቃል እስካሁን ታቃጥለኛለች።

በዚህ መሃል ነው ያረፍንበት ቤት ያለች አንዲት ሐበሻ እህት ግዋሊየር ስለምትባል ከተማና ስለ ቤተ መንግሥቷ የነገረችን። ከዴልሂ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። እዚያው አድረን ጠዋት ሄድን።

ቤተ መንግሥቱ ጃይ ቪላስ ይባላል። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሕንድ ሳይሆን ጣሊያን አገር የቆምክ ነው የሚመስልህ። የግዋሊየር ማሃራጃ (ንጉሥ) የነበሩት ጀያጂራኦ ሲንዲያ እ.ኤ.አ. በ1874 ነው ያሠሩት። ዛሬም ከፊሉ የቤተሰቡ መኖሪያ ነው፤ ሌላው ሙዚየም ሆኗል። የሦስቱ ፎቅ አሠራር በሦስት ዓይነት የአውሮፓ ስልት እንደሆነ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን የሞላው ውበቱ ነው።

አስጎብኚያችን ፂማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። እማዬን ገና ሲያዩዋት "ማታ ጂ" አሏት፤ እናቴ እንደማለት ነው። ምን እንዳመማት አልጠየቁም። ደረጃው ጋ ስንደርስ እኔ ጨነቀኝ። እሳቸው ሦስት ደረጃ ወጡና ቆም ብለው ወሬ ጀመሩ። ሕንፃውን የነደፈው ሚካኤል ፊሎዝ የሚባል፣ ዘሩ ከጣሊያን የሚመዘዝ መኮንን መሆኑን ነገሩን። እማዬ ስሙን ስትሰማ "ሚካኤል ነው ያሉት?" አለችኝና አማተበች። "በይ እንግዲህ፣ ሚካኤል ካለበትማ እወጣለሁ!"

ሌላ ሦስት ደረጃ፣ ሌላ ወሬ። የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የሆነው፣ እዚህ በእንግድነት እንዴት እንደተስተናገደ። እንደገና ሦስት ደረጃ። ላይ ከደረስን በኋላ ነው የገባኝ። ለካ የሚቆሙት ለወሬው ብለው አይደለም፣ እማዬ እንድትተነፍስ ነው! እሷ ሳይታወቃት፣ ሳታፍር አወጧት። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ወንበር ይዘው መጡ።

ከአዳራሹ ጣሪያ ሁለት ግዙፍ የክሪስታል መብራቶች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዳቸው 3.5 ቶን ያህል ይመዝናሉ። ከመሰቀላቸው በፊት ጣሪያው ይችል እንደሆነ ለመፈተን ዝሆኖች አውጥተውበት ነበር ይባላል። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ ቆየች። ማንም "ቶሎ በሉ" አላለንም።

እሷ የወደደችው ግን ግብር ቤቱን ነው። ረጅሙ ገበታ ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ የብር ባቡር ተቀምጧል። መጠጥና ሲጋራ ጭኖ በእንግዶቹ ፊት ይዞር ነበር አሉ። አንዱ ጠርሙሱን ሲያነሳ ይቆማል፣ ሲመልሰው ይቀጥላል። "አሳላፊ የሆነ ባቡር!" ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ስንሰነባበት ከሒሳቡ በላይ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። ጎንበስ ብለው የእማዬን እግር በእጃቸው ነኩ። እዚያ ታላቅ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ እኛ ጉልበት እንደምንስመው። እማዬ ደንግጣ "ኧረ በሚካኤል!" አለች፤ ወዲያው እጇን ራሳቸው ላይ ጭና በአማርኛ መረቀቻቸው። "እድሜ ከጤና ይስጥህ፣ ልጆችህ ይጡሩህ።" አንድም ቃል ሳይገባቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጽፍም። ግዋሊየር ከሄዳችሁ ግን ትኬት መቁረጫው አካባቢ ፂማቸው የነጣውን አስጎብኚ ጠይቁ። እባካችሁ፣ በሽተኛ ወይም ሽማግሌ የያዛችሁ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትገቡ። እሳቸውን ፈልጉ፣ ካጣችኋቸውም ጠብቋቸው። ስታገኟቸውም "ከኢትዮጵያ የመጣችው ማታ ጂ ድናለች፣ ሰላም ብላዎታለች" በሉልኝ።