ሜክ 600 ጁኒየር ማርክ 5፦ የሾትጋን ጥይትን በቤት መሙላት ያዋጣል?

ሜክ 600 ጁኒየር ማርክ 5 ከዊስኮንሲን ግዛት ሜይቪል ከተማ የተነሣው የአሜሪካ ኩባንያ ሜክ የሚያመርተው፣ የተተኮሰ የሾትጋን ቀለህን መልሶ ለመሙላት የሚያገለግል የእጅ ማሽን ነው። ቀለሁ በአምስት ቦታዎች በተራ ያልፋል፦ በመጀመሪያው ያገለገለው ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክፍል) ወጥቶ ግርጌው ወደ ልኩ ይመለሳል፣ በሁለተኛው አዲስ ፕራይመር ይገባለታል፣ በሦስተኛው ባሩዱ፣ ባሩዱን ከእርሳሱ የሚለየው የፕላስቲክ ዋድና ደቃቆቹ የእርሳስ ፍሬዎች በቅደም ተከተል ይጨመራሉ፣ በቀሩት ሁለቱም አፉ ይታጠፋል።

ከሁሉ ያረካኝ የአፉ አስተጣጠፍ ነው። በሚገባ ሲስተካከል እጥፋቶቹ መሐል ላይ ተገጣጥመው ጠፍጣፋ ክዳን ይሠራሉ፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ከቀረ ግን ደቃቁ እርሳስ እያንጠባጠበ ይወጣልና ማስተካከያውን በትዕግሥት መያዝ ይገባል። ለባለስድስትና ለባለስምንት እጥፋት ቀለህ የሚገጠመው የእጥፋት ማስጀመሪያ ዕቃም የተለያየ ነው። ቅር ያሰኘኝ የባሩድ መለኪያው ነው፤ በማሽኑ የልክ ሰንጠረዥ ከተጻፈው አሳንሶ የመጣል ዝንባሌ ስላለው፣ ያለ ሚዛን መሥራት አይገባም፤ የሚዛኑ ዋጋም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት።

ቁጠባው ያለው ግን ከማሽኑ ይልቅ በሚሞሉት ነገሮች ግዢ ላይ ነው። ከሚሞሉት ነገሮች ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ወጪ የሚይዘው እርሳስ ሲሆን፣ አንድ የ25 ፓውንድ ከረጢት፣ ማለትም 11.3 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በአንድ ኦውንስ (28 ግራም ገደማ) ልክ 400 ጥይት ይሞላል፤ ልኩ ወደ አንድ ኦውንስ ከአንድ ስምንተኛ ከፍ ቢል ግን ወደ 355 ይወርዳል። ለሸክላ ዒላማ ቀለል ያለው ልክ ስለሚበቃ፣ ይህን መምረጥ ብቻውን ወጪ ይቀንሳል። ባሩድም 1 ፓውንድ 7,000 ግሬን ስለሆነ፣ በ18 ግሬን ልክ 388 ጥይት ያህል ይወጣዋል። ባሩድና ፕራይመር በአደገኛ ዕቃነት ስለሚጓጓዙ ብዙ ሻጮች በአንድ ጭነት ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉና፣ ተኳሾች ተባብረው በአንድ ጊዜ ቢያዝዙ ክፍያው ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ፦ ለተራ ዒላማ 12 ጌጅ (ጌጅ የሾትጋን አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ብቻ ለሚተኩስ ሰው ይህን ማሽን አልመክርም። ፋብሪካዎች 250 ጥይት በሚይዝ ካርቶን በጅምላ የሚሸጡት ርካሽ ጥይት፣ በዋጋ በቤት ከሚሞላው እምብዛም አይበልጥምና ድካሙ አይከፈልም። 28 ጌጅና 410 የተባሉትን ጠበብ ያሉ መጠኖች ለሚተኩስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የፋብሪካ ዋጋቸው ከፍ ያለ ሆኖ እርሳስ የሚወስዱት ጥቂት ነው፤ ያው የ25 ፓውንድ ከረጢት በግማሽ ኦውንስ ልክ 800 የ410 ጥይት ይሞላል። ማሽኑን ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያስፈልገው ዕቃ ለብቻው ይሸጣል።

በጅምላ ከመግዛት በፊት ግን የቀለሁ፣ የፕራይመሩ፣ የዋዱና የባሩዱ ዓይነት በባሩድ አምራቹ በታተመ የአሞላል ሰንጠረዥ ላይ አንድ ላይ መገኘቱን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ አንዱን በሌላ መተካት ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያሳድገው ይችላልና። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት ገዝቶ መሞከር፣ የአገሩን ሕግ መጠየቅ፣ ትልቁን ትእዛዝም ከዚያ በኋላ መስጠት ይገባል። የተረፈው ባሩድና ፕራይመር በየራሱ ማሸጊያ፣ ከእሳትና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ።